ቤቱን ይዞ የሚጓዝ ሰው እንግዳ ነውን?

በአገራችን ስማቸውን ከሳምንቱ ቀናት የወሰዱ ከተሞች ብዙ ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በሐሙሲት ያልፋል፤ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ደግሞ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ አርብ ገበያ ትባላለች። እንዲህ ያለው ስም ለሚያስተውል ሰው ትምህርት አለው። ስሙ እንደሚያመለክተው መጀመሪያ የተገኘው ሕንፃው ሳይሆን ቀኑ ነው። ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉበትን ቀን ወሰኑ፤ ከዚያም በቀኑ ላይ ቦታው፣ በቦታው ላይ ሱቁና መኖሪያው ተጨመረ። እያንዳንዱ ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ በጓዳው ቢያገኝ ኖሮ አርብ ገበያ የምትባል ከተማ ባልኖረችም ነበር። ጨው ያለቀበት፣ ማረሻው የዶለዶመበት፣ በግ የሚሸጥ፣ ዘር የሚገዛ፣ የሩቅ ዘመዱን ወሬ የሚጠይቅ፣ ሁሉም ጉድለቱን ይዞ ይመጣል። ገበያ የጉድለት ጉባኤ ነው ብንል አንሳሳትም።

ይህን መነሻ ያደረግነው የገበያተኛው ተቃራኒ የሚመስለውን ሌላ ሰው ለመመልከት ነው። እርሱም ማደሪያውን በመኪናው ጭኖ የሚጓዝ መንገደኛ ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ የውኃ ማጠራቀሚያውና ስንቁ በአንድ መኪና ውስጥ ስለሚገኙ በመሸበት ቦታ ያድራል፤ የማንንም በር አያንኳኳም። አፍሪካን ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በመኪና የሚያቋርጡ የውጭ አገር ሰዎች ለረጅም ዓመታት በኢትዮጵያ ሲያልፉ ታይተዋል። ከጣና ዳርቻ ወደ ላሊበላ ለመሻገር የሚሹትም ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚገባውን፣ በደርግ ዘመን በቻይናውያን እርዳታ የተሠራውን መንገድ ይከተሉ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ከተስፋፋው ግጭት ወዲህ እንዲህ ያለው ጉዞ እንደ ቀድሞው የሚዘወተር አይደለም። ጥያቄው ግን ከመንገደኞቹ ጋር አልሄደም። ስንቁንና ፍራሹን በመኪና ጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ ስፍራው የሚሄደውን የከተማ ሰው፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ መኪና ተከራይቶ አገሩን የሚጎበኘውንም ኢትዮጵያዊ ይመለከታል። ቤቱን ይዞ የሚጓዝ ሰው በደረሰበት ስፍራ እንግዳ ነውን? እንግዳ ካልሆነስ ለሚያልፍበት ሕዝብ ምን ዕዳ አለበት?

የእግዜር እንግዳና ተንቀሳቃሹ ከተማ

ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት፣ መኪና ሳይመጣ በዚህ አገር መንገድ ይመላለሱ የነበሩትን ሁለት ዓይነት መንገደኞች ማስታወስ ይገባል።

የመጀመሪያው «የእግዜር እንግዳ» ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «መሽቶብኛልና አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። እግሩ ይታጠባል፣ እራት ይቀርብለታል፣ መደቡ ይለቀቅለታል። በዚህ ልማድ ውስጥ ትልቅ ጥበብ አለ። ባለቤቱ ቤቱን የእኔ ነው ስላላለ ሲሰጥ አይታበይም፤ መንገደኛውም የሰው ሳይሆን የእግዚአብሔር እንግዳ ተብሏልና ሲቀበል አይዋረድም። ሰጪና ተቀባይ ከሁለቱም በላይ በሆነው ጌታ ፊት እኩል ይሆናሉ።

ሁለተኛው መንገደኛ ንጉሡ ከነሠራዊቱ ነው። ዛሬ «ከተማ» የምንለው ቃል ቀድሞ የንጉሥ ሠራዊት የሰፈረበት ቦታ ማለት ነበር፤ ከተመ ማለት ሰፈረ ማለት ነውና። አጼ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ዓመት ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ የአጼ ልብነ ድንግል ሰፈር ገበያውና ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር ከንጉሡ ጋር ሲጓዝ አይቶ ጽፏል። እንግዲህ ቤትን ይዞ መጓዝ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ተንቀሳቃሽ ከተማ ድንኳኑን እንጂ ቀለቡን ሁሉ ይዞ አይጓዝም ነበር። የአካባቢው እህልና ማገዶ ሲያልቅ ወደ ሌላ ቦታ ይነሣል። ገበሬው ለንጉሥ እንግዳና ለሹም ድርጎ ያቀርባል፤ ወታደሩም በየቤቱ ይሰፍርበታል። በሩ የተከፈተው በፈቃድ አልነበረምና ይህን መስተንግዶ ልንለው አንችልም።

የበጌምድርና የጋይንት ሕዝብ ይህን በሚገባ ያውቃል። አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ በጋፋት የተሠራውንና ሰባት ቶን ያህል ይመዝን የነበረውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ያስጎትቱ ነበር። ለመድፉ የሚሆን መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እያሠሩ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ ስለ ተጓዙ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። የሥራው ትጋት ያስደንቃል። ነገር ግን በእነዚያው የመጨረሻ ዓመታት የበጌምድር ገበሬ በሠራዊቱ ተዘርፏል፤ ጎንደርም ተቃጥላለች። በእኛም ዘመን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ፣ ያልተጋበዘ ባለ መሣሪያ በደጅ መቆሙ ምን ማለት እንደ ሆነ የአካባቢው ሰው ዳግመኛ አይቷል።

ከእነዚህ ከሁለቱ አንጻር ሲታይ ባለ መኪናው ሦስተኛ ዓይነት ሰው ነው። እንደ ሠራዊቱ አይነጥቅም፤ እንደ እግዜር እንግዳም ማደሪያ አይለምንም። የሚያስፈልገውን ይዟል፤ የጎደለውን በገንዘቡ ይገዛል። ከቀድሞው ተንቀሳቃሽ ከተማ እጅግ የተሻለ መሆኑን ማንም አይክድም። ግን ይህ ብቻ ይበቃልን?

የጉዳይ ቀን

መንገደኛውን በትክክል ለማወቅ የጉናን ተራራ ቆሞ ሲያደንቅ ሳይሆን ጉዳዩን ሊፈጽም ከተማ በገባበት ቀን መመልከት ይሻላል። ረጅም ጉዞ ያደረገ ሁሉ እንደሚያውቀው ከመንገድ ቀናት መካከል አንዳንዱ ለጉዳይ ብቻ ይውላል። ውኃው ያልቃል፣ ናፍጣው ይቀንሳል፣ ልብሱ ያድፋል፣ ጎማው ይበሳል። መንገደኛው ይህን ቀን ብዙ ጊዜ እንደ ባከነ ይቈጥረዋል፤ ያየው ተራራ፣ የጎበኘው ቤተ መንግሥት የለምና።

ለምሳሌ የጉዳይ ቀኑ ከአርብ ገበያ የገበያ ቀን ጋር ተገናኘ እንበል። ጎማውን ለማሠራት ጎሚስታ ይፈልጋል። ጎሚስታውም ጎማውን ፈትቶ፣ በውኃ ነክሮ፣ አረፋ ከሚወጣበት ቦታ ቀዳዳውን ያገኘዋል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ የዚህን መንገድ ድንጋይ ጠባይ የሚያውቀው የዚሁ አገር ባለሙያ ነው። ውኃ ለመቅዳት ጀሪካኑን ይዞ ተራ ይጠብቃል፤ ከፊቱ ከእርሱ ቀድመው የመጡ ልጃገረዶች አሉ። ናፍጣ የት እንደሚገኝ ይጠይቃል። ሥጋ ሊገዛ ቢወጣ ዕለቱ ዓርብ፣ የጾም ቀን ነውና ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው፤ ሽሮ ይቀርብለታል። ትናንት ማታ ማንንም የማያስፈልገው የመሰለው ሰው ከጠዋት እስከ ቀትር ድረስ ዐሥር ሰው ሲጠይቅ ይውላል።

በዚህ ቀን አንድ እውነት ይገለጥለታል። በማጠራቀሚያው የያዘው ውኃ ከሰው ምንጭ የተቀዳ ነበር፤ የሚሄድበትን መንገድ ሌሎች በላባቸው ሠርተውታል፤ ስንቁንም ያመረተው ሌላ ሰው ነው። ራስን መቻል የምንለው ነገር ብዙውን ጊዜ የሌሎችን ድካም አስቀድሞ ማጠራቀም ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያውን መኪና ሲያመጣ ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ ወራት ፈጅቶበታል፤ ለመኪና የተሠራ መንገድ ባልነበረበት በረሃና ገደል የአገሩ ሰዎች ጉልበት ባይረዳው ኖሮ ሞተሩ ብቻውን ባላደረሰውም ነበር። መኪና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሰው እጅ እየተደገፈ የመጣ ነገር ነው።

በጉዳይ ቀን ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው የመንገደኛው ነው፤ ይኸውም ለሁሉም ነገር ገንዘብ ከፍሎ የማንም ባለ ውለታ ላለመሆን መቸኰል ነው። ጎሚስታው ለጎማው ዋጋ ይቀበላል፤ ይህ ተገቢ ነው። ናፍጣ የሚሸጥበትን ቤት ለማሳየት ሥራውን ትቶ ከመንገደኛው ጋር የሄደበትን ጊዜ ግን በምን እንተምነዋለን? ዋጋ ይከፈላል፤ ውለታ ግን ይታወሳል እንጂ በብር ተከፍሎ አያልቅም። እርሱን በብር ዘግቶ ለመሄድ የሚጣደፍ ሰው በእውነቱ ሰውየውን ከልቡ ሊያወጣው እየፈለገ ነው። ሁለተኛው ፈተና የባለ አገሩ ነው። እንግዳውን ሲያይ ዋጋ የሚያጥፍ ነጋዴ የትርፍ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እንግዳን እንደ አደን መቁጠር ነው። አባቶቹ ለእግዜር እንግዳ በነጻ የከፈቱትን በር እርሱ በቀረጥ ይከፍተዋል። ሁለቱም ፈተናዎች ከአንድ ምንጭ የሚነሡ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ሰውን ሳይሆን ጥቅምን ብቻ ያያል።

ከበቅሎ መውረድ

ከጉዳይ ቀን ሥራዎች ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው በከተማ ውስጥ መንዳት ነው። በገበያ ቀን የትንሽ ከተማ ጎዳና መተላለፊያ ብቻ አይደለም፤ መሸጫም፣ መገናኛም፣ የአህያ ማቆሚያም ነው። ገብስ የተጫነ አህያ፣ በግ የሚጎትት ልጅ፣ እንቁላል በሰፌድ የያዘች እናት በአንድነት ይተላለፋሉ። ሾፌሩ መንገዴን ዘጉብኝ ብሎ ክላክስ ያስጮኻል። እግረኛው ግን በዚያ መንገድ የሄደው መኪናው ከመሠራቱ በፊት ነው። በበጋ ወራት ደግሞ በጥርጊያ መንገድ ላይ የሚፈጥን መኪና አቧራውን በመሬት ላይ በተሰጣው ጤፍና በርበሬ ላይ ያለብሰዋል። ሾፌሩ ያተረፋት ሁለት ደቂቃ የሌላውን የሳምንት ድካም አበላሽታ ትቀራለች።

ቀድሞ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፊት ሲደርስ ይወርድ ነበር፤ ታላቅ ሰው ሲያጋጥመውም ወርዶ እጅ ይነሣ ነበር። የዚህ ሥርዓት ትርጉም ግልጽ ነው፤ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ዝቅ ማለት ይገባዋል። ሾፌር በየርምጃው ከመኪናው ሊወርድ አይችልም። ፍጥነቱን መቀነሱ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እንደምን ዋላችሁ» ማለቱ፣ አህያዋ እስክታልፍ ሞተሩን አብርዶ መቆየቱ ግን ከበቅሎ እንደ መውረድ ነው።

በትልቅ ከተማም ነገሩ ያው ነው፤ ችግሩ በዚያ የሰው ፊት አለመታየቱ ነው። በአዲስ አበባ አደባባዮች እያንዳንዱ በብረትና በመስተዋት ተሸፍኖ ሲጋፋ «አንድ መኪና ገባብኝ» እንላለን እንጂ «አንድ ሰው ቀደመኝ» አንልም። አነጋገራችን ራሱ ሰውየውን ደብቆታል። ፊቱ ያልታየንን ሰው መስደብ ይቀለናል፤ በእግር ብንገናኝ ግን ይቅርታ ጠይቀነው እናልፍ ነበር። ቤቱን ጭኖ የሚሄድ መንገደኛ ይህ መሸፈኛ ከሌሎች ይልቅ ይወፍርበታል፤ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዛወር ከቤቱ ሳይወጣ ሊያልፍ ይችላልና።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ

እስከዚህ የተባለውን የሚቃወም አሳቢ ሰው ሊኖር ይችላል። «በድሃ አገር እንግዳ መሆን ሸክም መሆን ነው። የድሃ ገበሬ ሚስት ለእንግዳ የምታቀርበው እንጀራ ከልጆቿ ድርሻ የተቀነሰ ነው። ስለዚህ ስንቁንና አልጋውን ይዞ የሚመጣው መንገደኛ ከሁሉ ይልቅ ርኅሩኅ ነው፤ ማንንም አያስቸግርምና» ይላል። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በደቡብ ጎንደር ካቀፋቸው ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ይገኙበታል፤ በእነዚህ ወረዳዎች ከመከር እስከ መከር የሚያደርስ እህል የማያገኝ ቤተሰብ ብዙ ነው። ያንን ማዕድ የሚቈጥብ ሰው መልካም ያደርጋል።

ነገር ግን የሰውን ማዕድ መቈጠብና ከሰው መሸሽ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንጀራቸውን ሳንበላ ሰላምታቸውን ልንቀበል እንችላለን። ከዚህም በላይ ተቃውሞው አንድ ነገር ይዘነጋል፤ ይኸውም ቤት ያለው ሰው እንግዳ ብቻ ሳይሆን ባለቤትም መሆኑን ነው። አልጋ፣ ምድጃና ውኃ ይዞ የመጣ ሰው በዚያ መንገድ ዳር በራፍ ያለው ሰው ሆኗል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚለው የአባቶች ቃል በድንጋይና በጭቃ ለተሠራ ቤት ብቻ የተነገረ ነውን? መንኰራኩር ያለውን ቤት ከዚህ ሕግ ነጻ ያወጣው ማን ነው?

ጥያቄው የሚከብድበት ቦታ ይህ ነው። በገጠራችን ሴት ምጥ ሲጠናባት ወይም ሰው በጠና ሲታመም ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳሉ። ስምንት ወይም ዐሥር ሰው እየተፈራረቀ፣ ዳገቱን እየወጣ፣ ቁልቁለቱን እየወረደ ለሰዓታት ይጓዛል። በዚያ መንገድ ላይ ውስጡ የተነጠፈ ባዶ አልጋ ያለው መኪና ቢመጣ፣ ሾፌሩ ምን ያደርጋል? አቧራ እንዳያለብሳቸው ፍጥነቱን ቀንሶ፣ በአክብሮት ሰላምታ ሰጥቶ ቢያልፍ ጨዋ ተባለ እንላለንን? ለማንም ሸክም አልሆነም፤ የማንንም ገንዘብ አልነካም፤ የማንንም እንጀራ አልበላም። ሆኖም ባዶውን አልጋ ይዞ አልፏል።

ፍርሃት ምክንያት እንዳለው አንክድም። የማያውቁትን ሰው ማሳፈር በሰላም ዘመን እንኳ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በግጭት ዘመንማ ሁለቱም ወገን ይፈራል። በሽተኛን ያለ ዕውቀት ማንቀሳቀስም የሚያሳስብ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ለሁሉ በሩን ይክፈት የሚል ደረቅ ሕግ አናወጣም። ነገር ግን መፍራት ሌላ፣ ጭራሽ አለማየት ሌላ ነው። የፈራ ሰው ቢያንስ ቆሞ ይጠይቃል፤ ወደ ፊት ሄዶ ለጤና ጣቢያው ይነግራል፤ ውኃ ይሰጣል። ያላየ ሰው ግን ምንም አያደርግም፤ ኅሊናውም አይወቅሰውም። ጨዋነቱ የሚያስፈራው ከዚህ የተነሣ ነው።

ምሳሌውን ሁላችን የምናውቀው ደጉ ሳምራዊም ባለ ጉዳይ መንገደኛ ነበር። ጉዞውን ለዘለዓለም አላቋረጠም፤ ቤቱንም ሸጦ ገዳም አልገባም። ቁስሉን በገዛ እጁ አሰረለት፤ ራሱ ይጋልብበት የነበረውን እንስሳ ለቀቀለት፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ከዚያም ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ ወደ ጉዳዩ ሄደ። በዚህ ታሪክ ገንዘብ ቦታ አለው፤ ነገር ግን ገንዘቡ የመጣው እጁ ከሠራ በኋላ ነው፤ ተመልሶ ለመምጣት ቃል በመግባቱም ዝምድናውን በሁለቱ ዲናር አልዘጋውም።

እንግዲህ ወደ መነሻው ጥያቄ ስንመለስ መልሱ እንዲህ ይመስለናል። ቤቱን ይዞ የሚጓዝ ሰው እንግዳ ነው፤ የጉዳይ ቀን ይህን ያስታውሰዋል፤ ስለዚህ ዋጋውን በትክክል ይክፈል፣ ውለታውን ይያዝ፣ በገበያ መካከል ቀስ ብሎ ይንዳ። ባለቤትም ነው፤ ስለዚህ የጫነው አልጋ ለእርሱ ብቻ የተነጠፈ እንዳልሆነ ይወቅ።

መኪና የሌለን አብዛኞቻችን ይህ እኛን አይመለከትም ብለን እንዳናልፈው ያስፈልጋል። ቤትን ይዞ መጓዝ በመኪና ብቻ የሚደረግ አይደለም። የቤተሰባችንን ጉዳይ፣ የራሳችንን አሳብና ድካም እንደ ግድግዳ ተሸክመን በጎረቤት ደጅ፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የምናልፍ ብዙዎች ነን። መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ከወጣቶች ጋር ሲወያዩ ይህን ቢጠይቋቸው ይጠቅማል፤ ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ በወጣችሁበት ቀን ማንን ጠየቃችሁ? ማንስ ጠየቃችሁ? ቀስ ብትሉ ኖሮ ልታዩት ትችሉ የነበረ፣ በችኰላ ያለፋችሁት ሰው ማን ነበር? ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚለውን የአገራችንን አባባል በቃል የሚያውቅ ብዙ ነው። በመጪው የገበያ ቀን ከቤቱ ሲወጣ ይህን አባባል ይዞ የሚወጣ ሰው ግን በአህያዋ፣ በጎሚስታውና በቃሬዛው ፊት ምን ማድረግ እንዳለበት ለማወቅ ብዙ አይቸገርም።